ቶርክ ሬንች ለታኮማ የፊት ሾክ ቅየራ፦ የአንድ መሣሪያ ግምገማ

የፒካፕ መኪናውን የፊት ሾክ አብዞርበር በቤቱ ደጃፍ ለመቀየር የተነሣ ሰው ክሪክ፣ የብረት መቆሚያ፣ ረጅም መፍቻና የዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ እንዲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ ይመከራል። ቶርክ ሬንች፣ ማለትም ብሎን በስንት ኃይል እንደጠበቀ የሚለካው መፍቻ፣ ግን በአብዛኛው የሚጠቀሰው በመጨረሻ፣ ያውም «ካለህ» ተብሎ ነው። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ ብሎን መፍታት ጉልበት ላለው ሰው ሁሉ የሚቻል ሲሆን፣ በልኩ ማጥበቅ ግን ያለ መለኪያ የሚሆን አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ቴክቶን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበውን፣ የሞዴል ቁጥሩ 24335 የሆነውን የግማሽ ኢንች ቶርክ ሬንች ነው። የተጠቀምሁበት ሥራ ደግሞ ከ2005 እስከ 2015 ባሉት ሞዴሎች የወጣውን የሁለተኛውን ትውልድ ቶዮታ ታኮማ የፊት ሾኮች ከነሞላቸው መለወጥ ነበር፤ ሥራው የተሠራውም ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ ወዳጄ ቤት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአፓርታማ ለሚኖር የአገራችን ሰው የሕንፃው አስተዳደር ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ጎማ እንኳ ማውለቅ ስለማይፈቅድ፣ ግቢ ያለው ወዳጅ ከመሣሪያ ሁሉ የበለጠ መሣሪያ መሆኑን በዚሁ መጥቀስ ይገባል።

መሣሪያው በጠንካራ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይመጣል፤ ርዝመቱ ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል፤ የሚለካው ከ10 እስከ 150 ፉት ፓውንድ (ብሎን የሚጠመዘዝበት ኃይል መለኪያ) ሲሆን፣ የልኬቱ ስሕተት ከ4 በመቶ እንደማይበልጥ አምራቹ ይገልጻል። የአሠራር ዓይነቱ «ክሊክ» የሚባለው ነው፦ እጀታውን በማዞር የሚፈለገው ቁጥር ይሞላል፣ ከዚያ ሲጎተት ልኩ ላይ ሲደርስ ውስጡ ያለው ሞላ ይለቅና ቀጭን ድምፅ ይሰማል፣ እጅም ላይ ትንሽ መንሸራተት ይሰማል። ኃይሉ በጣም ከፍ ያለ በሚሆንበት ሥራ ላይ ድምፁ ጎልቶ ይወጣል፤ ዝቅተኛ ልክ ላይ ግን ድምፁ ስለሚለዝብ በጆሮ ሳይሆን በእጅ መከታተል ያስፈልጋል፤ በተለይ መንገድ ዳር የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ማለት አለበት።

ቁጥር አሞላሉ ለጀማሪ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የብረቱ ግንድ ላይ በየ10 ፉት ፓውንዱ መስመር አለ፤ እጀታው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል፤ በእጀታው ጫፍ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ደግሞ በመካከል ያሉትን አሃዞች ያሳያሉ። ስለዚህ 61 ፉት ፓውንድ ለመሙላት የእጀታውን ዜሮ ከ60 መስመር ጋር ማገናኘት፣ ቀጥሎ ወደ 1 ማዞር፣ በመጨረሻም ከእጀታው ሥር ያለውን መቆለፊያ ማጥበቅ ነው። በግንዱ ሌላ ወገን የኒውተን ሜትር ቁጥሮችም ተጽፈዋል፤ ሆኖም አንድ ዙር 13.6 ኒውተን ሜትር ስለሚሆን መስመሮቹ 13.6፣ 27.1፣ 40.7 እያሉ ይሄዳሉ። በሜትር ሥርዓት ተምሮ ያደገ እንደ እኔ ያለ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚያ ወገን ላይ ቢሆንም፣ በእነዚህ ቁጥሮች መካከል 83 ኒውተን ሜትርን መፈለግ ለስሕተት በር መክፈት ስለሆነ፣ ልኩን አስቀድሞ ወደ ፉት ፓውንድ ለውጦ በወረቀት ጽፎ መያዝ ይሻላል። አንድ ፉት ፓውንድ 1.356 ኒውተን ሜትር ነው።

መሣሪያው ለዚህ ሥራ ይስማማል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚሰጡት የመኪናው ቁጥሮች ናቸው። በዚህ ታኮማ የሾኩን ራስ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ሦስት ዳዶዎች ልካቸው 47 ፉት ፓውንድ ወይም 64 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሾኩን እግር ከታችኛው ክንድ (ጎማውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚለው ብረት) ጋር የሚያያይዘው ትልቅ ብሎን 61 ፉት ፓውንድ ወይም 83 ኒውተን ሜትር፣ የጎማ ዳዶዎች ደግሞ 83 ፉት ፓውንድ ወይም 113 ኒውተን ሜትር ናቸው። (83 የሚለው ቁጥር ለሾኩ ብሎን በኒውተን ሜትር፣ ለጎማ ዳዶዎች ደግሞ በፉት ፓውንድ ስለሚመጣ ማምታታት እጅግ ቀላል ነው፤ ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን ያልጻፈ ሰው የሾኩን ብሎን በጎማ ልክ ሊያጠብቀው ይችላል።) ክሊክ የሚባሉት ቶርክ ሬንቾች የተነገረላቸውን ትክክለኛነት የሚጠብቁት ከሙሉ አቅማቸው ከ20 በመቶ በላይ በሆነው ክልል ውስጥ ነው፤ ለዚህኛው ያ ማለት ከ30 እስከ 150 ፉት ፓውንድ ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው ልኮች ሁሉ በዚህ ክልል መሐል ስለሚውሉ፣ ለፊት እግር ሥራ የግማሽ ኢንቹን መምረጥ ትክክል ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ታኮማ የአክስል ዳዶ ብቻ ከ150 በላይ ስለሚጠይቅ ከዚህ መሣሪያ አቅም ውጪ ነው፤ ደግነቱ ሾክ ለመቀየር እርሱን መንካት አያስፈልግም። የሌላ ዓመት ወይም የሌላ ሞዴል መኪና ያለው ሰው እነዚህን ቁጥሮች መዋስ የለበትም፤ የራሱን መኪና የጥገና መመሪያ ማየት አለበት።

ለመሆኑ በእጅ ስሜት ማጥበቅ ምን ጎደለው? ብሎን ሲጠብቅ በጣም በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ተለጥጦ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ በሚያደርገው ጥረት ነው ሁለቱን ብረቶች አንድ ላይ የሚጫናቸው። ክንዳችን ካወጣው ኃይል ውስጥ ለዚህ መለጠጥ የሚውለው በግምት አንድ አሥረኛው ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው በዳዶው ፊትና በጥርሶቹ ላይ ባለው ሰበቃ ይበላል። እጅ የሚሰማው ድምሩን እንጂ ብሎኑ ጋ የደረሰውን አይደለም፤ ዝገት የያዘ ብሎን ገና ሳይጠብቅ «ጠበቀ» ያሰኛል፣ ዘይት የነካው ደግሞ ከልኩ አልፎ እየተለጠጠ ሳለ «ገና ነው» ያሰኛል። የሾኩ የታች ብሎን ሲላላ የቡሹ (በሾኩ እግር ያለው፣ ብረት የለበሰ የጎማ ማረፊያ) ውስጠኛ የብረት ቱቦ በመያዣው መሐል መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ እያደር የብሎኑ ቀዳዳ ክብነቱን ያጣል፣ ያን ጊዜ የሚለወጠው ክንዱ ራሱ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ ቶርክ ሬንቹ እውነት የሚናገረው ጥርሶቹ ንጹሕና ደረቅ ሲሆኑ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበተን የታች ብሎኖች ዝገት መያዛቸው የተለመደ ነው፤ ብሎኑ በቡሹ ቱቦ ውስጥ ተጣብቆ ዳዶው ከወጣ በኋላም አልንቀሳቀስ ሊል ይችላል። የዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ ከሥራው ቀን በፊት ማታ መርጨት ይረዳል፤ ነገር ግን ከመግጠሙ በፊት ጥርሶቹን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ ፈሳሹን በደንብ መጥረግ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው «ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲቀለኝ» ብሎ ጥርሱ ላይ ቅባት ይቀባና በመመሪያው ልክ ያጠብቃል፤ የመመሪያው ቁጥር ግን ካልተባለ በቀር ለደረቅ ጥርስ የተሰጠ ስለሆነ፣ በዚህ ሁኔታ ብሎኑ ከታሰበለት በላይ ይለጠጣል። ቅባቱን ጥርስ በሌለው የብሎኑ ግንድ ላይ፣ ቱቦው ውስጥ በሚያልፈው ክፍል ብቻ፣ በስሱ መቀባት ለሁለቱም ወገን የሚበጅ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ፤ ይህ መሣሪያ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ሊነግረን የማይችለው ነገር አለ፤ እርሱም ብሎኑ የጠበቀው መኪናው በምን አቋም ላይ ሳለ እንደሆነ ነው። በሾኩ እግር ያለው ቡሽ ከውጪ በብረት ቀለበት፣ ከውስጥ በብረት ቱቦ የተያዘ ጎማ ሲሆን፣ ጎማው ከሁለቱም ጋር የተጣበቀ ነው። ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ቱቦው በብሎኑ ላይ አይሽከረከርም፤ የሚጠማዘዘው የቡሹ ጎማ ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ የፊት ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ክንዱ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚህ አቋም ብሎኑ በ61 ፉት ፓውንድ ከጠበቀ የቡሹ ውስጠኛ ቱቦ በዚያ ማዕዘን ላይ ይቆለፋል። መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ቡሹም ገና ቆሞ ሳለ እንኳ የተጠማዘዘ ሆኖ ይኖራል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሌላ ጠመዝማዛ ይጨምርበታል፤ የቡሹ ጎማ ያለ ዕድሜው ይሰነጠቃል፣ አነዳዱም ሊደርቅ ይችላል። ቶርክ ሬንቹ በተንጠለጠለው መኪና ላይም፣ በቆመው መኪና ላይም ያው አንድ ዓይነት ክሊክ ያሰማል፤ ልዩነቱን ማወቅ የሠራተኛው ፈንታ ነው።

የጥገና መመሪያዎች ቡሽ ያለባቸውን ብሎኖች መጀመሪያ «ለጊዜው» እንዲያዙ፣ መኪናው ወርዶ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠና ከተረጋጋ በኋላ በልካቸው እንዲጠብቁ የሚያዝዙት ለዚህ ነው። በአንጻሩ የሾኩ ራስ ሦስት ዳዶዎች ሁለት የማይንቀሳቀሱ ብረቶችን ብቻ ስለሚያገናኙ፣ መኪናው እንደተንጠለጠለ በ47 ፉት ፓውንድ ቢጨረሱ ምንም ጉዳት የለውም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ወይ ሁሉንም በአየር ላይ ያጠብቃል፣ ወይም ሳያስፈልግ ሁሉንም መሬት ላይ ለመጨረስ ጠባብ ቦታ ውስጥ ይሠቃያል።

በቤት ውስጥ ትክክለኛውን አቋም ማግኘት የሚመስለውን ያህል አይከብድም። መኪናው ገና ሳይነሣ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከጎማው መሐል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ መጻፍ ነው። አዲሱ ሾክ ከገባና የታች ብሎኑ በእጅ ከተያዘ በኋላ፣ መኪናው በብረት መቆሚያዎች ላይ እንዳለ፣ ክሪኩን በታችኛው ክንድ ሥር ወደ ቦል ጆይንቱ (በክንዱ ጫፍ፣ በጎማው በኩል ወዳለው መገጣጠሚያ) አቅርቦ ቀስ ብሎ ማንሣት፣ ርቀቱ ወደተጻፈው ሲደርስ ማቆም፣ ከዚያ ማጥበቅ። ነገር ግን ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ርቀቱ ሳይሞላ ሻንሲው ከመቆሚያው መነሣት ከጀመረ ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል፤ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ከመቆሚያው የተነሣ መኪና አጠገብ ሆኖ ሬንች መጎተት ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን መንገድ ነው፦ ጎማውን መልሶ ገጥሞ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ወደ መሬት ማውረድ፣ የኋላ ጎማዎቹን ማገድ፣ የፊቱን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች መጫን፣ ከዚያ መሪውን ወደ አንድ ወገን አዙሮ ከጎማው በስተጀርባ መግባት። ታኮማ ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ 19 ቁጥር ቡሶላና አጭር ማራዘሚያ ያለው ሰው ብሎኑን ያገኘዋል።

የሬንቹ ርዝመት ጥቅሙም ጉዳቱም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ሜትር የሚጠጋ እጀታ 61 ፉት ፓውንድን ያለ ብዙ ጥረት፣ በተረጋጋ እጅ ለመሳብ ያስችላል፤ በጎማው ቤት ውስጥ ግን እጀታው የሚንቀሳቀስበት ቅስት ጠባብ ስለሚሆን በጥቂት በጥቂቱ መሳብ ግድ ነው። ከሾኩ ራስ ሦስት ዳዶዎች መካከል ወደ ሞተሩ በኩል ያለው በጣም አስቸጋሪው ነው፤ 14 ቁጥር ቡሶላ ከረጅም ማራዘሚያ ጋር ይፈልጋል። ቀጥ ያለ ማራዘሚያ በሬንቹ ልክ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ግን ብዙ በተጣጠፈ ቁጥር ዳዶው ጋ የሚደርሰውን ኃይል ስለሚቀንስ፣ የግድ ከሆነ በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጎ መጠቀም ይገባል።

አንዳንድ የአጠቃቀም ልማዶችም የመሣሪያውን ዕድሜ ይወስናሉ። አሳሳቡ አንድ ወጥና ዝግተኛ መሆን አለበት፤ በችኮላ የተሳበ ሬንች ከልኩ አልፎ ከሄደ በኋላ ነው የሚጮኸው። ክሊክ ካለ በኋላ «ለማረጋገጥ» ደግሞ ደጋግሞ ማስጮህ ብሎኑን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም፤ ያለቀለትን ብሎን በቀለም ጠብታ ምልክት ማድረግ የተሻለ ማረጋገጫ ነው። የጠበቀ ዳዶ ለመፍታት ቶርክ ሬንቹን እንደ ተራ መፍቻ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ሥራ ሲያልቅ እጀታውን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር፣ ማለትም ወደ 10 መመለስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ፈትቶ ማላላትም ውስጡን ሊያበላሽ ይችላል። ዓለም አቀፉ ደረጃ እንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ከ5000 ጊዜ አጠቃቀም ወይም ከ12 ወራት በኋላ እንደገና እንዲመረመር ያሳስባል፤ በዓመት አንድ ሁለቴ ለሚያወጣው የቤት ሠራተኛ ቁጥሩ ሩቅ ነው፣ በየቀኑ ለሚሠራበት ጋራዥ ግን ቸል የሚባል አይደለም።

ሾኩን በተመለከተ አጭር ምክር ላክል። ሞላው፣ ሾኩና የላይኛው መቀመጫ በፋብሪካ ተገጣጥመው የሚመጡትን፣ እንደ ሞንሮ «ኩዊክ ስትራት» ወይም እንደ ካያባ «ስትራት ፕላስ» ያሉትን መግዛት ለቤት ሥራ ብልህነት ነው። አሮጌውን ሞላ በሞላ መጭመቂያ ይዞ ወደ አዲሱ ሾክ ማዛወር ገንዘብ ይቆጥባል፤ ሆኖም የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፣ የመሐሉ ዳዶም የራሱ ልክ አለው። የተገጣጠመውን የገዛ ሰው ከላይ በኩል የሚያያቸው ሦስቱን የዳር ዳዶዎች እንጂ የመሐሉን ትልቅ ዳዶ በምንም ምክንያት መንካት የለበትም።

ስለ አማራጮች፦ ብዙዎቹ የአሜሪካ የመለዋወጫ መደብሮች ሙሉ ዋጋውን በመያዣነት ተቀብለው መሣሪያ ያውሳሉ፣ ሲመለስም ገንዘቡን ይመልሳሉ። ለሞላ መጭመቂያና ለቦል ጆይንት ማላቀቂያ ይህ እጅግ ጥሩ አገልግሎት ነው። ቶርክ ሬንች ግን ከእኔ በፊት የወሰደው ሰው ዳዶ ፈትቶበት ይሁን፣ በ140 ላይ ሞልቶ ወራት አስቀምጦት ይሁን ስለማይታወቅ፣ ከመቶ ዶላር በታች ለሚገኝ መሣሪያ የራስን መግዛት እመርጣለሁ። ባለ ዘንግ ጠቋሚው አሮጌ ዓይነት ከሁሉም ርካሽና የማይበላሽ ነው፤ ችግሩ ቁጥሩን ለማንበብ ፊት ለፊቱ መሆን ማስፈለጉ ሲሆን፣ ጎማ ቤት ውስጥ በጎን ተኝቶ ይህ አይሆንም። በሌላ በኩል አንዳንድ አምራቾች ብሎኑ በተወሰነ ልክ ከጠበቀ በኋላ በዲግሪ ተቆጥሮ እንዲዞር ያዝዛሉ፤ እንዲህ ዓይነት መኪና ያለው ሰው የማዕዘን መለኪያ መጨመር ወይም ማዕዘን የሚያነብ ዲጂታል ሬንች መግዛት ይኖርበታል።

ይህ ግምገማ አዲስ አበባ ላለ የሃይሉክስ ባለቤትም የሚሠራበት ቦታ አለ፤ «ቪጎ» እያልን የምንጠራው ሃይሉክስ የፊት እግሩ አሠራር ከታኮማው ጋር ተመሳሳይ ነውና፣ ሾኩም በሞላ ተከብቦ በታችኛው ክንድ ላይ በቡሽ ያርፋል። መኪናውን ለጋራዥ የሚሰጥ ሰው ቶርክ ሬንች ባይኖረው እንኳ፣ የታች ብሎኑ የሚጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ መሆኑን መካኒኩን በአክብሮት ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

የጎማ ዳዶዎቹን በ83 ፉት ፓውንድ፣ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ ማጥበቅና ከጥቂት የመንዳት ቀናት በኋላ እንደገና በዚያው ልክ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ አዲስ ሾክ የመኪናውን ከፍታ ሊለውጥ ስለሚችልም የጎማ አሰላለፍ ማስተካከያ ወጪውን ከወዲሁ ማሰብ ይገባል። ቴክቶን 24335ን ለፊት እግርና ለጎማ ሥራ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለሞተር ክዳን ትንንሽ ብሎኖች ግን ከክልሉ በታች ስለሚወድቁ፣ ለእነርሱ አነስተኛውን የሩብ ወይም የሦስት ስምንተኛ ኢንች ሬንች ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።